ሟች የሌለበት ድንኳን

ባለፈው ማክሰኞ በማታው ትምህርት ላይ አስተማሪያችን፣ «ከእናንተ መካከል የተቃውሞ ሰልፍ ወጥቶ የሚያውቅ አለ?» ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ ከእኔ በስተቀር ክፍሉን የሞሉት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ጠረጴዛውን፣ ሌላዋ ስልኳን ማየት ጀመሩ። እኔም እጄን አላነሳሁም። ወጥቼ ስለማላውቅ አይደለም። ያ የወጣሁበት ነገር ሰልፍ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ መለየት ስላቃተኝ ነው።

ትምህርት ሲያልቅ እንደ ልማዴ ከሐረር በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር ከባጃጅ ወርጄ ወደ ቤት በእግሬ አዘገምኩ። በሩ አጠገብ ሴቶች የተቆላ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ። ይህ ሽታ ለብዙ ሰው የመንገድ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የወንድሜ የግርማ ሽታ ነው። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ደብተር አወጣሁ። አስተማሪያችን ጻፉ አላሉንም። ነገር ግን የተጠየቅሁትን ሳልመልስ ማደር ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ኦቾሎኒ ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከባቢሌና ከአካባቢው ኦቾሎኒው በጆንያ በጆንያ ሆኖ በአይሱዙ ይመጣል። እኛ ሴቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የሻገተውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን እንለቅማለን። የእኛ ክፍል ጸጥ ያለ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን መጭመቂያው ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ግርማ እዚያ መጭመቂያው ላይ ይሠራ ነበር። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከሥራ ሲመለስ ቱታው በዘይት ወዝቶ፣ ጸጉሩ ሳይቀር ኦቾሎኒ ይሸታል። ጎረቤቶቻችን «ግርማ ሲያልፍ ሆዳችን ይጮኻል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እናታችን እኔን በሕፃንነቴ ትታኝ ነው ያረፈችው። አባታችን ሃምሳ አለቃ ተሰማ ከሠራዊቱ በጡረታ ወጥተው በዚያው ፋብሪካ የበር ጥበቃ ነበሩ። ሐረር ወታደር የበዛባት ከተማ ናት። የአባባ አባት ወታደር ነበሩ፤ አያታቸውም ከሸዋ ወደዚህ የመጡት ጠመንጃ ይዘው ነው። በቤታችን ጦርነትን ማማት ሰው እንደ ማማት ይቆጠር ነበር። በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ ጥሪ ሲመጣና ግርማ ስሙን ሲያስመዘግብ፣ አባባ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እግርህን ደረቅ አድርገህ ያዝ» አሉት። በኋላ እኔን ለብቻዬ፣ ወታደር ለወታደር ከዚህ የበለጠ ምርቃት እንደሌለው አስረዱኝ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ደብዳቤ ይመጣ ነበር። የሠራተኛው ቤት የፖስታ ሣጥን ስለሌለው ዘማቾቹ ሁሉ የሚጽፉት በፋብሪካው ሣጥን ቁጥር ነው። እኔ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው ተብዬ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ነበርና፣ ደብዳቤዎቹን ተቀብዬ ለየባለቤቱ የማድለው እኔ ነበርኩ። ከኅዳር በኋላ ሣጥኑ ባዶ ሆነ። ጥር ገብቶ ደረቁ ንፋስ ከንፈራችንን ሲሰነጣጥቀው፣ ሴቶቹ ጠዋት ስገባ ፊቴን ትተው እጄን ማየት ጀመሩ። እጄ ባዶ ከሆነ ለቀማው ይቀጥላል።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ አደ ሃሊማ ነበሩ፤ «አደ» በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በእግራቸው እየወረዱ ይመጣሉ፤ ሁለት ልጆቻቸው ግንባር ናቸው። አማርኛቸው ኦሮምኛ የተቀላቀለበት፣ ቀልዳቸው ደግሞ የሚቆርጥ ነው። አንድ ቀን ስለ ልጆቻቸው ለመጠየቅ ወደ አስተዳደሩ ሄደው «ይጠብቁ» ተብለው ተመለሱ። «እኔ እኮ ጥበቃ አልተቀጠርኩም» አሉን። «ጥበቃ ሃምሳ አለቃ ናቸው።»

በዚያው ሰሞን ለአዲስ የዘመቻ ዙር ከፋብሪካችንም ሰው እንደሚመዘገብ ተሰማ። ሊቀመንበራችን ኡስማን ስብሰባ ጠራ። ኡስማን የማሽን ጥገና ሠራተኛ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ንግግሩን ሁሉ «አቦ» ብሎ የሚጀምር የጀጎል ልጅ ነው። አንዳንዶቹ ሠራተኞች፣ የማኅበር ሥራ ደመወዝና ቱታ ማስጨመር እንጂ የጦርነት ጉዳይ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ኡስማን፣ «አቦ፣ የሚለብሰው ሰው ካለቀ ቱታው ምን ይሠራልናል?» አላቸው። ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ተስማማን። ልጆቻችን ያሉበትን ንገሩን፤ ከፋብሪካው ሌላ ሰው አትውሰዱ፤ ጦርነቱ በንግግር ያብቃ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ጦርነቱ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ። ከዘማች ቤተሰቦች ጋር ሆነን ሰልፍ ለመውጣትም ፈቃድ ጠየቅን። በአራተኛው ቀን ማመልከቻችን፣ ወቅቱ አይፈቅድም የሚል ቃል ጀርባው ላይ ተጽፎበት ተመለሰ።

ኡስማን ወረቀቱን አገላብጦ አየውና ያለ ፈቃድ ሰው የሚሰበሰብበት ምን ነገር እንዳለ ጠየቀን። ገበያ አለ ተባለ። ሠርግ አለ ተባለ። አደ ሃሊማ ኦቾሎኒ ከሚለቅሙበት ቀና ሳይሉ፣ «ለተዝያ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?» አሉ። ተዝያ የሐረር ሙስሊሞች ለልቅሶ መቀመጥን የሚጠሩበት ስም ነው። እውነታቸውን ነበር። በዚህ ከተማ ብዙ ነገር ሊከለከል ይችላል፤ ድንኳን ተክሎ የተቀመጠ ሐዘንተኛን ግን ተነሥ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ፋብሪካው የሠራተኞች እድር ነበረው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል የሆነበት። ትልቅ የሸራ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ድስትና ሳህን ነበረን። የእድሩ ዳኛ አባባ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ኡስማንና አደ ሃሊማ ሊለምኗቸው ወደ ጥበቃ ቤቱ ሲሄዱ እኔም ተከተልኩ። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ልጁ ሲዋጋ ቤተሰቡ ከኋላ ሆኖ አቤት ማለቱ እንደሚያሳፍራቸው ተናገሩ። ልጃቸው ግርማም እዚያው እንዳለ፣ ከእሳቸው አንድም ቃል እንዳልወጣ አስታወሱን። በመጨረሻ ደንቡን ጠቀሱ። በእድሩ ደንብ ድንኳን የሚወጣው የሟች ስም መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው፤ የሚተከለውም በሟች ደጅ ነው። «ስም አምጡና ድንኳኑን ውሰዱ» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ስም ማን ይሰጣል? በሕይወት ያለ ልጅን ስም ከሟቾች መዝገብ ማስገባት ሟርት ነው። ጉዳዩን ለእናቶቹ ስንነግራቸው አንዷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ኡስማን ባለፈው ወር የሞተችውን የፋብሪካውን ውሃ ተሸካሚ አህያ እናስጽፍ ብሎ ቀለደ። አደ ሃሊማ፣ «አህያዋ መዋጮ አልከፈለችም፤ ይልቅ አንተ ሙትልን» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ስም አልነበረንም።

የእድሩንም መዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ከሥራ መውጫ ላይ መዝገቡን ከጥበቃ ቤቱ መሳቢያ አውጥቼ ብቻዬን ገለጥኩት። ሳስበው ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ስም ይመራኝ ነበር። የአደ ሃሊማ ቤት ሐኪም ጋራ ነው፤ እዚያ ድንኳን ቢተከል ከፍየልና ከእረኛ በቀር የሚያየው የለም። የእኛ ቤት ግን ሸዋ በር ነው። ገበያው እዚያ ነው፤ ሚኒባሶቹ የሚቆሙት እዚያ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውም የሚመጣውም በደጃችን ያልፋል። ሟርቱ ደግሞ በሌላ እናት ልጅ ላይ ከሚሆን በራሴ ወንድም ላይ ይሁን አልኩ። ግርማ እንደሆነ ቢሰማ የሚስቅ ሰው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አባባም ደንቡን የጠቀሱት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ለደንቡ ሲባል መጻፉ የሚገባቸው መሰለኝ። «ግርማ ተሰማ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ሁሉንም ሰው ደስ የማሰኝ መስሎኝ ነበር።

ራት ላይ ልነግራቸው ቁርጥ ሐሳብ ነበረኝ። ቤት ስገባ ግን አባባ የግርማን የጠፍር አልጋ ገልብጠው ጠፍሩን ያጠብቁ ነበር። «ሲመጣ ወገቡን እንዳያመው» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንጀራውን እየቆረሱ ግርማ በልጅነቱ ከኤረር በር ገበያ ስለጠፋበት ቀን አወሩልኝ። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት ስነሣ ለማለዳው ፈረቃ ሄደዋል።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን አድርገው መሳቢያውን ሲያስተካክሉ መዝገቡን ከፈቱ። በእኔ ጽሕፈት የልጃቸው ስም ከሟቾች ተራ ተጽፎ አዩ። ከግንባር የሚመጣውን ደብዳቤ የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ ቢመጣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። በአገራችን ደግሞ ሞትን ለወላጅ ፊት ለፊት የሚናገር የቤት ሰው የለም። ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው መርዶ እስኪነግሩ ድረስ ቤተሰብ ያውቃል፣ ይደብቃል፣ ይስቃል፣ ይበላል። አባባ ማታ ያየሁበትን ዓይን፣ እንጀራ ስቆርስ የነበረውን ዝምታዬን ሁሉ አስታወሱ። ልጄ አውቃለች፣ ለመናገር አቅቷት በመዝገብ ነገረችኝ ብለው አመኑ። ሽማግሌ ይመጣል ብለው ወደ መንገዱ እያዩ ተቀመጡ። የመጣ የለም። ከዚያ ተነሥተው ዕቃ ቤቱን ከፈቱና ድንኳኑን በራሳቸው ትከሻ ማውጣት ጀመሩ።

እኛ ያየነው ይህን አልነበረም። ፋብሪካ ስደርስ ድንኳኑ አይሱዙ ላይ ተጭኗል፤ ሠራተኛው ሃምሳ አለቃ እሺ አሉ እያለ እርስ በርሱ ይጨባበጣል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ የእድር ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው። ኡስማን የማንን ስም እንደጻፍኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ፈገግታው ጠፋና፣ «አቦ፣ አባትሽ ያውቃሉ?» አለኝ። ድንኳኑን ያወጡት እሳቸው አይደሉም ወይ ብዬ መለስኩለት። አባባ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ትከሻዬን ያዙና «አይዞሽ» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በሦስት ሰዓት ድንኳኑ በደጃችን ቆመ። የዘማች እናቶችና ሚስቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሙስሊሞቹም ጥቁር ሻሻቸውን አስረው በአግዳሚዎቹ ተደረደሩ። ፈረቃ ያልነበራቸው ሠራተኞች ከነቱታቸው መጡ። ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ ስላልነበረን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ቀቀልን፤ ሴቶቹም ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት አዘጋጁ። የምሥራቅ ጥር እንዲህ ነው፤ ጥላው ውስጥ ይበርዳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ሲወጡ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከሚኒባስ የወረደው መንገደኛ በልማዱ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው ማን እንዳረፈ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ሴቶቹ እንደተስማማነው፣ ልጆቻችን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አልተነገረንም፤ እንዲነገረንና ጦርነቱም እንዲያበቃ ነው የተቀመጥነው ይሉታል። ደንግጦ የወጣ ነበር። ያልወጣም ነበር። ሽንኩርት ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ ጆንያውን ከድንኳኑ ውጭ ትቶ ገባ። ነገሩን ሲሰማ ልጁ እዚያው ግንባር እንዳለ ነገረን። «እንግዲያው እኔም የዚህ ቤት ሰው ነኝ» ብሎ ገበያውን ረስቶ ተቀመጠ።

ድንኳኑ ከሞላ በኋላ አባባ ከቤት ወጡ። የግርማን ቱታ በክንዳቸው፣ ፎቶግራፉን በደረታቸው አድርገው ነበር። የሰው ልብስና ፎቶግራፍ ይዞ መውጣት ለሟች እንጂ ለማስመሰል አይደረግም። በመካከላችን ቆመው ቱታውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ «ግርማዬ፣ እግርህን ደረቅ አድርግ ነው ያልኩህ። ሌላ ምን አልኩህ? ሌላ ምንም አላልኩህም» አሉ። ድምፃቸው የማላውቀው ድምፅ ነበር። አደ ሃሊማ ዘወር ብለው ፊቴን አዩና ሁሉም ነገር ገባቸው። በጆሮዬ፣ «ያ ረቢ! አልነገርሻቸውም?» አሉኝ።

ልነሣ ስል ከአስተዳደሩ የተላኩ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ወጣት ነው፤ ማኅደር በብብቱ ይዟል። ቆሞ የማን ልቅሶ እንደሆነ ጠየቀ። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ እውነቱን ቢናገሩ ድንኳኑ ያለ ፈቃድ የተደረገ ስብሰባ ይሆናል፣ ኡስማንም ይታሰራል። ዝምታውን የሰበሩት አባባ ናቸው።

«የእኔ ልጅ ነው። ቁጭ በል» አሉት።

ሁለቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። አባባ አልተቀመጡም። «ሠላሳ ዓመት ወታደር ነበርኩ» አሉ። «ሲያዙኝ ሄጃለሁ፤ ለምን አላልኩም። ልጄም ሲሄድ ለምን አላልኩም። መሞቱን የነገረኝ የወሰደው ሰው አይደለም፤ ይቺ እኅቱ ናት። እነዚህ እናቶች ጥፋታቸው ምንድን ነው? ንገሩን አሉ። ሌላ ልጅ አትውሰዱ አሉ። ይብቃ አሉ። ትናንት አፍሬባቸው ነበር፤ ዛሬ ግን እኔም ይብቃ እላለሁ።»

ወጣቱ ሰውዬ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ኡስማን ያን ሦስት ጥያቄ ያለበትን ደብዳቤ ከነዘማቾቹ ስም ዝርዝር አቀበለው፤ ሰውዬው ተቀብሎ በማኅደሩ ውስጥ አስቀመጠው። ሴቶቹ የተቀቀለ ኦቾሎኒ አቀረቡላቸው፤ ልቅሶ ቤት የቀረበ አይመለስምና በሉ። አንድ በአንድ ነበር የሚፈለፍሉት። ያን ሁሉ ጊዜ አባባ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ልጃቸውን ያለቅሱ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ልጃቸውን እመልስላቸዋለሁ። ያቺው ቃል ድንኳኑንም ደብዳቤውንም ታፈርሳለች፣ ኡስማንንም ታሳስራለች። ሰዎቹ በልተው፣ ቁጢያቸውን ጠጥተው፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለው እስኪወጡ ድረስ ዝም አልኩ።

ከዚያ አባባን በክንዳቸው ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ደብዳቤ እንዳልመጣ፣ ስሙን የጻፍኩት ድንኳኑ እንዲወጣ ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልገባቸውም። ደገምኩላቸው።

«እንግዲያው አልሞተም?» አሉ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። አባባ ግን ቱታውን እንደ ወታደር እጅጌ በእጅጌ አድርገው አጣጠፉና የጠበቀው ጠፍር አልጋ ላይ አስቀመጡት። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ሰዎቹ እዚያ ተቀምጠው ሳሉ እኔ እውነት መስሎኝ እንደማለቅስ ታውቂ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ፊታቸውን ታጥበው ወጡ።

ድንኳኑ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ፣ ልጃቸው ይሙት ይኑር እንዳልተነገራቸው በግልጽ ተናገሩ። አንድ ሠራተኛ እንግዲያው ድንኳኑን እናንሣው አለ። አባባ በእድሩ ደንብ አንዴ የቆመ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው እንደማይነሣ አስታወሱት። የአስተዳደሩ ሰዎችም ተመልሰው ከመጡ ያለው እንደዚሁ እንደሚነገራቸው፣ ተጠያቂውም እሳቸው የእድሩ ዳኛ እንደሆኑ ተናገሩ። ከዚያ ከወንዶቹ በኩል አልሄዱም፤ ከሴቶቹ መካከል ሄደው ተቀመጡ። አደ ሃሊማ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ቁጢም ቀዱላቸው። «ሃምሳ አለቃ፣ ጥበቃ እንግዲህ እንዲህ ነው» አሏቸው። አባባ ሊስቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ጽዋውን ግን ተቀበሏቸው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሠራተኛው በየፈረቃው እየመጣ ይቀመጥ ነበር፤ ከገበያው የሚመጣውም ሰው በየቀኑ ጨመረ። በመጨረሻው ቀን ኡስማንን ወስደው አንድ ሳምንት አሰሩት። ሲፈታ፣ እስር ቤቱ ውስጥ ኦቾሎኒ እንደሌለ ቅሬታውን አቀረበ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአደ ሃሊማ ታናሹ ልጅ ደብዳቤ መጣ፤ የትልቁ አልመጣም። በዚያ ዙር ከፋብሪካችን ሰው አልተወሰደም። በእኛ ምክንያት ይሁን አይሁን የነገረን የለም። ጦርነቱ ግን ያበቃው ዘግይቶ ነው፤ ያስቆሙትም እኛ አልነበርንም።

ሰላም በሆነ በዓመቱ የዘማቾቹን ሞት የሚያስታውቀው ወረቀት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለብዙ ቤት መጣ። ወደ እኛም ሽማግሌዎች ማለዳ መጡ፤ ኡስማንም ከእነሱ ጋር ነበር። የግርማን መርዶ እንደ ደንቡ ለአባባ ቀስ አድርገው ነገሯቸው። አባባ አላለቀሱም። ሽማግሌዎቹን አልፈው ወደ እኔ አዩ።

«አስካለ፣ ይህንንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ አባባ።»

እንደገና ጠየቁኝ። እንደገና አይደለሁም አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር፤ ልጅ ጥፋቷን አምና እንድትገላግለው የሚጠብቅ አባት ፊት። አይደለሁም አልኩ። ኡስማን ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ።

በዚያ ሳምንት በየሰፈሩ ድንኳን ቆሞ ነበር። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጥ ስለነበር እኛ ዘንድ የተቀመጠው ጥቂት ነው፤ የተቀመጠውም ብዙ አልቆየም። አባባ ኋላ፣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያን ማለዳ መዝገቡን እንዴት እንዳነበቡት በነገሩኝ ቀን፣ «የግርማን ልቅሶ ያኔ አልቅሰነዋል፤ ሰው ሞልቶ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሁን ሊወቅሱኝ አልጠየቅኳቸውም። አሁን የሉም።

የአስተማሪያችንን ጥያቄ ከመለስኩ አይቀር በትክክል ልመልስ። ያን ደብዳቤ ዛሬም ብሆን እጽፈዋለሁ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስም የምሰርዘው ቃል ያለ አይመስለኝም። ጦርነት ይብቃ ማለታችን ልክ ነበር፤ በዚያ ድንኳን የተቀመጡት ሰዎች እስከ ዛሬ የማከብራቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ልክ ለሆነ ነገር ብዬ አባቴን ሳይጠየቁ አስለቀስኳቸው፤ እንባቸውም ጠቀመን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች አንድ ቀን ተሰብስበው ይብቃ የሚሉበት ነገር ሊገጥማቸው ይችላል። ያኔ ስማቸው የሚጻፈውን ሰዎች አስቀድመው ይጠይቁ እላለሁ። ይህን ለማለት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ለራሴ ግን የማስበው ሌላ ነው። ያን ማለዳ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናግሬአለሁ። አባባ አራተኛ ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ «አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» የምላቸው ይመስለኛል። አልጠየቁኝም።